ከሠላሳ በላይ ያለው ሁሉ

«እንደምታውቂው፣ ማንም አንቺን ጥፋተኛ ያለ የለም። እንደምታውቂው፣ ይሄ ለፎርማሊቲ ነው። ፈርሚና እንገላገል።»

ሰውዬው እንዲህ ነው የሚያወራው፤ በአፍንጫው፣ ቀስ እያለ፣ ለልጅ መድኃኒት እንደሚግት ሰው። አፉን በከፈተ ቁጥር «እንደምታውቂው» ስለሚል እኔ አቶ እንደምታውቂው ብዬዋለሁ። የእታለም አለቃ ነው። እታለም ታላቅ እህቴ ናት። ያን ቅዳሜ ከሰዓት ሳሎናችን ውስጥ እግሩ የሚነቃነቀው ወንበር ላይ ተቀምጦ (ሆን ብዬ ነው እሱን የሰጠሁት) አንድ ወረቀት ጉልበቱ ላይ ዘርግቷል።

«ቁጥሩን ማን ሰጠኝ?» አለች እታለም።

«እንደምታውቂው፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ የገባው በአንቺ ስም ነው።»

«እሱን አልጠየቅኩዎትም።»

ነገሩን ከሥሩ ላውጋችሁ። እታለም አየር ለኪ ናት። ሰፈሩ «ሰማይ ቆጣሪ» ይላታል። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ልብስ ባሰጣች ቁጥር አንገቷን በመስኮት ብቅ አድርጋ «ዛሬ ይዘንባል እንዴ?» ትላታለች። «የኔ ሥራ ከደመናው በላይ ነው» ስትላት «ታዲያ ከላይ ሆነሽ ካልታየሽ እኔ ከታች ምን ይታየኛል» ትላለች፣ ቅር ብሏት።

የምትለካው ናይትሮጅን ኦክሳይድ የሚባለውን ጋዝ ነው። ከመኪና ጭስም ይወጣል አሉ፤ የእሷ ግን የላይኛው ነው፣ አውሮፕላን የማይደርስበት። የሚያየው ሳተላይት ነው። እኔ ከትምህርት የተኳረፍኩት ስምንተኛ ክፍል ላይ ስለሆነ አራት ጊዜ አስረድታኝ በአምስተኛው ነው የገባኝ። ሳተላይቱ ፀሐይ ስትወጣና ስትገባ በምድር ጠርዝ በኩል አሻግሮ ያያታል። ብርሃኗ አየሩን አቋርጦ ሲመጣ ጋዙ ከቀለሟ ይሰርቃል፤ ሰማያዊውን አብዝቶ ይወዳል። ሳተላይቱ የተሰረቀውን አይቶ ሌባው ስንት እንደሆነ ይናገራል። በጎደለው ነው እንግዲህ ያለው የሚታወቀው።

እታለም ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ መጋረጃው አልዘጋ ባለ ክፍል ውስጥ፣ ጠዋት ጠዋት ከሳተላይቱ የወረዱትን ቁጥሮች ታያለች። የሚረባውን ከማይረባው መለየት ነው ሥራዋ፤ መሣሪያም እንደ ሰው አንዳንዴ ይቃዣል። የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ በተቀጠረች በሦስተኛ ወሯ፣ አቶ እንደምታውቂው በሯ ላይ ቆሞ «እንደምታውቂው፣ ከሠላሳ በላይ የሚባል ነገር የለም። ከመጣ መሣሪያው ነው የተሳሳተው። ገደቡን አንዴ ኮምፒውተሩ ውስጥ አስገቢውና ራሱ ይጣለው» አላት። በአፉ ነው ያላት። ወረቀት የለ፣ ምስክር የለ። አስገባች። ከዚያ ቀን ወዲህ ከሠላሳ በላይ የመጣ ሁሉ ፊቱ ሳይታይ ቀይ እየተቀባ «ውድቅ» የሚል መዝገብ ውስጥ ይወርዳል።

ሁለት ዓመት ሳይሞላ መሥሪያ ቤቱ «በንጹሕ መረጃ» ተብሎ የምስጋና ወረቀት ተሸለመ። ኮሪደሩ ላይ ተሰቅሏል፤ ምሳዋን ላደርስ ስሄድ አይቼዋለሁ፣ ከመጸዳጃ ቤቱ አጠገብ ነው።

በስምንተኛው ዓመት አንድ ቀን ኔትወርክ ጠፍቶ ሥራ ስትፈታ የተጣሉትን ከፈተቻቸው። «ቆሻሻ ቢሆን እንደ ቆሻሻ በየቦታው ይበተን ነበር» ብላኛለች። አልተበተነም። ዓመት ጠብቆ፣ በምድር ዋልታ ዙሪያ፣ ፀሐይ ለወራት የማትወጣበት ረጅም ጨለማ ጠርዝ ላይ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ እላይ፣ በሳምንቱ ዝቅ ብሎ፣ ከዚያ ደግሞ ዝቅ ብሎ፣ ጫማውን አውልቆ ደረጃ እንደሚወርድ ሰው። ፀሐይ ስትቆጣ የምትረጨው ነገር እላይ ጋዙን ይፈጥረዋል። ብርሃን ቢያገኘው ያጠፋው ነበር፤ ጨለማ ስለሆነ ተደብቆ ይወርዳል። ወርዶ ኦዞኑን ይበላል፣ ከፀሐይ ቃጠሎ የሚጋርደንን ማለት ነው።

«መሣሪያው አልተሳሳተም» ብላ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች አለቃዋ ዘንድ ሄደች።

«እንደምታውቂው፣ የምስጋና ወረቀቱ ተሰቅሏል» አላት። «ስምንት ዓመት ስንጥለው የኖርነው እውነት ነው ብለን ልናወርደው ነው? ደግሞ እንደምታውቂው፣ የቋሚነት ደብዳቤሽ ጠረጴዛዬ ላይ ነው።»

ከዚህ በኋላ በቀጥታ ወደ ዘንድሮ ልዘል ነበር። ይህን ስጽፍ እታለም ከኋላዬ ቆማ ታነብ ኖሯል።

«የት አለ?» አለችኝ።

«ምኑ?»

«ዝም ያልኩት።»

እሺ። ዝም አለች። አሥራ አንድ ዓመት ጠዋት ጠዋት ቀዩን እያየች አለፈች። እናታችን ያኔ አልጋ ላይ ነበረች፣ ቤቱ የቆመው በእታለም ደሞዝ ነበር ብዬ ልጨምር ስል «እሱን ተዪው፣ ሰው ሁሉ እናት አለው» አለችኝ።

ዘንድሮ ሌሎች ሰዎች በሌላ ሳተላይት ያንኑ ደረጃ ወራጅ አይተው አገኘነው ብለው አወጁ። በሬዲዮ ሲነገር እታለም ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቢላውን አስቀመጠች፣ እጇን ታጠበች፣ ሬዲዮውን ዘጋች። እንባ መሰለኝና «ሽንኩርቱ ነው?» ብላት «አዎ፣ ሽንኩርቱ ነው» አለች።

ሳምንት ሳይቆይ የበላይ መሥሪያ ቤቱ ጠየቀ፤ እናንተ ያን ሁሉ ዓመት ምን ስታዩ ነበር? አቶ እንደምታውቂው መልሱን አስተይቦ ወደኛ መጣ። «ገደቡ በባለሙያዋ ስህተት የገባ ነው» ይላል ወረቀቱ። ከፈረመች የሃያ ዓመት ስሟ አፈር በላ። ካልፈረመች ደግሞ «እንደምታውቂው፣ ዕቃ ግምጃ ቤት ሰው ይፈልጋል» ብሏታል፣ ፈገግ ብሎ።

«እስክሪብቶ አምጪልኝ» አለችኝ እታለም።

አመጣሁላት። ወረቀቱን ከጉልበቱ ላይ አነሳችና ገልብጣ ጀርባው ላይ ጻፈች፦ «ቁጥሩን የሰጡኝ አለቃዬ ናቸው። ያስገባሁት እኔ ነኝ። በስምንተኛው ዓመት ስህተት መሆኑን አይቼ ነገርኳቸው። ዝም አሰኙኝ። እኔም ዝም አልኩ።» ፈረመች።

አነበበው። ስለእሷ የሚለው ጋ ሲደርስ ፊቱ ፈታ አለ፤ ስለእሱ ወደሚለው ተመልሶ ሲወጣ ተቋጠረ።

«እንደምታውቂው፣ ይሄን መውሰድ አልችልም።»

«በፊቱ የእርስዎ አለ፣ በጀርባው የኔ። ነጥለው ከቻሉ ይውሰዱ።»

ሲነሳ የወንበሩ ምስማር ሱሪውን ይዞ ቀደደው። ማንም አልሳቀም፣ እኔ እንኳ።

ሰኞ ዕለት አዲስ አስተየበ፤ «ባለሙያዋ ለመፈረም ፈቃደኛ ባለመሆኗ» የሚል ጨመረበትና ላከው። እታለም እሱ ትቶት የሄደውን፣ የራሷ ቃል ያለበትን ወረቀት ይዛ የበላይ መሥሪያ ቤቱ ድረስ በእግሯ ሄደች። የመዝገብ ቤቷ ልጅ፣ ጥፍሯን እየሞረደች፣ «እናቴ፣ ይሄ በመስመሩ አልመጣም፤ በአለቃሽ በኩል ይምጣ» ብላ መለሰችላት። ያው ተጣለ።

አሁን ዕቃ ግምጃ ቤት ናት። መስኮት የለውም። የተሰበረ ወንበር ካልተሰበረው ትለያለች። ሰውዬውማ ባለፈው ስብሰባ ላይ ተነስቶ «እንደምታውቁት፣ እኛም ቀደም ብለን ጠርጥረን ነበር» አለ አሉ። ተጨበጨበለት። የምስጋና ወረቀቱም አልወረደም።

ይህን ጽፌ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«አንድ ቀን እውነቱ ይወጣል ብዬ ልጨርሰው?» አልኳት።

«ወጥቷል እኮ። በሬዲዮ ሰምተሻል። ያለኔ ነው የወጣው።»

«ታዲያ ምን ብዬ ልዝጋው?»

«አትዝጊው። አቁሚ።»

«አንድ ነገር ብቻ፣ እታለም፣ ስለ ሰውዬው ሱሪ ቀዳዳ...»

«አቁሚ አልኩሽ።»