እስከ ዘጠኝ ሰዓት የጾመው ክትባት

ባለፈው ክረምት ኮሌራ ሓድነት ሰፈር ውስጥ ከምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ገብቶ አንዲት እናት ወሰደብን። ማታ ሾርባ ያጠጣኋቸው ሴት በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አልነበሩም። አጠገባቸው የሚተኙት ባልቴት፣ ሁላችንም በትግርኛ “ኣደይ”፣ እናቴ፣ የምንላቸው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ሰነበቱ። እኔም ይህ በሽታ ተመልሶ ቢመጣ ኣደይን አልሰጠውም ብዬ ማልኩ።

በሥጋ አንዛመድም። እኔ ባሌን ተከትዬ ለንግድ መጥቼ አስታማሚ ሆኜ የቀረሁ የወሎ ሙስሊም ነኝ። ባሌ ሲሞት አብረውኝ ያለቀሱት፣ የተሰበረ ትግርኛዬን እየሳቁ ያቃኑልኝ ግን እሳቸው ናቸው። ከእናት በምን ያንሳሉ?

ዘንድሮ ነሐሴ ላይ በሽታው ሰፈሩ ውስጥ ታየ ተባለ። ወዲያው የምሥራች መጣ፤ መርፌ የሌለው፣ የሚጠጣ ክትባት ለመጦሪያው በሙሉ። እልል አልኩ። በቀጠሯችን ጠዋት አንዲት ወጣት ክትባት ሰጪ የበረዶ ሣጥኗን አንግታ ገባች። አረጋውያኑ በረንዳው ላይ ተደርድረው ጠበቋት። ከፊት የተቀመጡት ኣደይ ግን ብልቃጡን ሲያዩ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

“ፍልሰታ ነው” አሉ።

ለካስ ቀን ስንቀጥር ጾሙን ያሰበ አልነበረም። ኣደይ በፍልሰታ ቅዳሴ ሳይወጣ ውሃ እንኳ አይቀምሱም። ሐኪሙም የንስሐ አባታቸውም ቢፈቅዱላቸው እሳቸው ለራሳቸው አይፈቅዱም። እሳቸው እንቢ ሲሉ ደግሞ በረንዳው በሙሉ እንቢ አለ። ረመዳንን የምጾም ሰው ምን ብዬ ልከራከር?

“መድኃኒት እኮ ጾም አያፈርስም፣ ኣደይ” አለች ልጅቷ።

“ጓለይ፣ ልጄ፣ አንቺስ ጾመሻል?”

“አዎ።”

“አሁን ራስሽን ቢያምሽ ክኒን ትውጫለሽ?”

ልጅቷ ብልቃጡን ወደ ሣጥኑ መለሰች። ይዟት የመጣው ሹፌር ሓወልቲ በሚባል ሌላ ሰፈር እንደሚጠበቁ ተናግሮ “ተመልሰን እንመጣለን” አለ። ይህቺን ቃል አውቃታለሁ! ተመልሰን እንመጣለን ብሎ የተመለሰ መኪና በዕድሜዬ አላየሁም። ደሜ ፈላ። በሩን ቆልፌ ቁልፉን ጉያዬ ሸጎጥኩ።

“መኪናው ይሂድ። እሷና ሣጥኗ ግን እዚህ ይውላሉ!”

“እህቴ፣ አብደሻል እንዴ?” አለ ሹፌሩ።

“የጨነቀው እርጉዝ ያገባል አሉ።”

ልጅቷ ሳቋ አምልጧት ወደ አለቃዋ ደወለች። ለሓወልቲ ሌላ ሰው እንዲላክ ተስማሙ፤ በረዶውም እስከ ማታ እንደሚቆይ ነገረችኝ። ያኔ በሩን ከፈትኩ።

ያን ቀን ክትባቱም አብሮ ጾመ። ልጅቷን ረሃብ ጥሏት በኣደይ አልጋ ላይ ተኛች፤ እሳቸውም ጋቢያቸውን አለበሷት። እኔ በር ላይ ቆሜ መንገድ መንገዱን አያለሁ። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ነጠላ የለበሱ ሰዎች ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አየሁና “ቅዳሴ ወጣ!” ብዬ ጮህኩ። እኔ እስላሚቱ!

ኣደይ አማትበው ብልቃጡን እንደ ጠጅ ብርሌ አንስተው ጨለጡት።

“ጨው በዝቶበታል፤ ማነው የሠራው?” ሲሉ በረንዳው በሳቅ ፈነዳ። ከዚያ ሁሉም በየተራ ጠጣ። ልጅቷን አቅፌ አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

ቀጥሎ ክፉው ጊዜ መጣ። ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ለሕሙማን ድንኳን ተተከለ። እኛም ተከትበናል ብለን አልተዘናጋንም፤ ውሃ አፈላን፣ እጁን ያልታጠበ ጠያቂ አላስገባንም። አንድ ማለዳ ኣደይ “ሆዴን” ሲሉ ነፍሴ ወጥታ ተመለሰች። ማታ ያበዙት ጎመን ነበር።

መስቀል ሲደርስ ድንኳኑ ተነቅሎ ነበር። ከእኛ አንድ አልጋ አልጎደለም! ለበዓሉ በግ ታረደ፤ ኣደይ ለእኔ ለብቻ ሽሮ አሠሩልኝ። ያቺን ልጅና ሹፌሩንም ጠራናቸው። ባለፈው ዓመት መስቀል ሰሃን ስደረድር አንድ ተርፎኝ፣ እሱን ታቅፌ ወጥ ቤት ተደብቄ አልቅሻለሁ። ዘንድሮ ደረደርኩ፣ ደረደርኩ፣ ሰሃን አነሰኝ።

“ሰው በዝቶ ነው፤ ሰሃኑ ምን ያድርግ!” አሉ ኣደይ።

ሽሮዬን በድስት ክዳን ላይ በላሁ። እንደዚያ ቀን ምግብ ጣፍጦኝ አያውቅም።