ሕመሙ ድንገት የቆመ ዕለት

የወሰዱኝ ካዛንቺስ ከነበረችው የፎቶኮፒ ሱቄ ነው። አንድ ደንበኛ ያመጣውን ጽሑፍ አባዝተሃል ተባልኩ። እኔ እንኳን የሰው ጽሑፍ ላነብ የራሴን የኪራይ ውል እንኳ አንብቤ አላውቅም፤ ግን ይህን ለማን ይነግሩታል? ቀበቶዬንና የጫማ ማሰሪያዬን ፈትተው ድሮ የመኪና ጋራዥ በነበረ ክፍል ውስጥ ዘጉብኝ። ወለሉ የተቃጠለ ዘይት ይሸታል። መስኮት የለውም። በብረቱ በር ሥር ግን የታክሲ ረዳት «ቡልጋሪያ! ቡልጋሪያ!» እያለ ሲጣራ ይሰማል። ከቤቴ እምብዛም ሳልርቅ ጠፋሁ።

ፍራሻቸውን ሰብሰብ አድርገው ቦታ የሰጡኝ አንድ ሽማግሌ ናቸው። እስረኛው ሁሉ «ፕሮፍ» ይላቸዋል። ዕድሜ ልካቸውን ሲያክሙና ሲያስተምሩ የኖሩ የቀዶ ጥገና ሐኪም ነበሩ፤ በየሆስፒታሉ ካሉት ቀዶ ሐኪሞች ብዙዎቹ እሳቸው ያስተማሯቸው ናቸው። ጥፋታቸው በጥይት የቆሰለ ሰው ማከማቸው ነው። ሰውየውን ሊወስዱ ለመጡት «በሽተኛዬ ገና አልነቃም» ብለው በሩን ዘጉባቸው። ተፈላጊ መሆኑን አያውቁም ነበር። መርማሪው ግን «እያወቅኩ ደብቄዋለሁ» ብለው እንዲፈርሙ ይፈልጋል። ከፈረሙ የሕክምና ፈቃዳቸው ይነጠቃል፤ ማስተማሩም ያከትማል። ይጠሯቸዋል፣ ይሄዳሉ፣ ሳይፈርሙ ይመለሳሉ። አንዳንዴ ሲመለሱ ግድግዳ ተደግፈው ነበር የሚቀመጡት። ምን እንዳደረጓቸው አይናገሩም፤ እኛም አንጠይቅም።

አንድ ቀን ጠዋት እምብርቴ ዙሪያ ቁርጠት ያዘኝ። እየቆየ ወደ ቀኝ ወረደ፤ አስመለሰኝ። አብሮን የታሰረ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ከቤቱ የተላከለትን ፌጦ በሎሚ በጥብጦ «በቃ ይቺን ጠጣ፣ ሆድ ትጠርጋለች» አለኝ። ፕሮፍ እጁን ያዙት።

«ምንም እንዳይቀምስ።»

መዳፋቸውን ብብታቸው ሥር አሙቀው «ልንካህ?» አሉኝ። እዚያ ቤት ሊነካኝ ፈቃድ የጠየቀኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። ሆዴን ተጫኑት፤ ቻልኩት። ሲለቁት ግን ጮህኩ።

«ትርፍ አንጀት ነው» አሉ። «ዛሬውኑ ኦፕራሲዮን ያስፈልገዋል።»

በሩን ደበደቡ። ጠባቂው መጣ፣ ሰማቸው፣ «እዚህ የገባ ሁሉ ያመዋል» ብሎ ሄደ። ደግመው ደበደቡ፤ የመጣም የለ።

ከሰዓት በኋላ ሕመሙ ድንገት ቆመ። ቀጥ። «ለቀቀኝ!» ብዬ ተነሥቼ ተቀመጥኩ። ክፍሉ በ«ተመስገን» እና በ«አልሐምዱሊላህ» ተሞላ፤ ነጋዴው ግንባሬን ሳመኝ። ጠባቂውም አንገቱን አስግጎ «አላልኩም?» አለ። ያልሳቁት ፕሮፍ ብቻ ናቸው። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ፈነዳ» አሉ ቀስ ብለው። «ልጄ፣ ተመልሰህ ተኛ። ይኼ እረፍት ውሸት ነው።»

የዚያን ጊዜ ፈራሁ። ምንም ሳያመኝ እየሞትኩ መሆኔን መስማት ከሕመሙ ይብሳል።

ፕሮፍ በሩ ጋ ቆሙና ጠባቂውን «መርማሪውን ጥራልኝ። እፈርማለሁ» አሉት።

መርማሪው ወረቀቱን ይዞ ከተፍ አለ።

«መጀመሪያ መኪናው ይውጣ» አሉት።

«ከወጣ በኋላ እምቢ ብትልስ?»

«እፈርማለሁ አልኩህ እኮ።»

ትክ ብሎ አያቸውና አዘዘ። ተሸክመው ፒካፕ ላይ ጫኑኝ። ከኋላዬ ፕሮፍ «ውሃ እንዳትሰጡት!» ሲሉ ሰማሁ።

ኡራኤል ጋ መንገዱ ተዘጋግቷል። ሕመሙ ሆዴን ሙሉ ይዞ ተመለሰ። አብሮኝ የተቀመጠው ጠባቂ «ሽማግሌው ሸወደን፤ ከእንግዲህ ምን ያስፈርመዋል?» አለ። እኔም በውስጤ እንዳይፈርሙ ለመንኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ከልቤ ለምኜ አላውቅም።

ዳንኩ። እሳቸው ግን ፈርመው ነበር።

ዛሬ ሱቄ የነበረበት ቦታ ሰፊ አስፋልት ሆኗል። እኔ ቀድሜ ተፈታሁ፤ ፕሮፍ መፈታታቸውን ስሰማ መስቀል ፍላወር አካባቢ ያለው ቤታቸው ሄድኩ። ገና ሳልቀመጥ ሸሚዜን አስከፍተው ጠባሳውን አዩት።

«ስፌቱ ጠበቅ ብሏል። ማን ነው የሠራህ?»

ነገርኳቸው።

«የኔ ተማሪ ነው። ድሮም ይቸኩላል» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ብዙ አልቆየም።

ስንት ጊዜ ከራሴ ጋር የተሟገትኩበትን ጥያቄ አወጣሁት። «ፕሮፍ፣ መኪናው እኮ ወጥቷል። ለምን ፈረሙ?»

«ክፍሉ ውስጥ የቀሩ ሰዎች ነበሩ» አሉኝ። «በነጋታው አንዱ ታሞ በሩን ብመታ፣ ቃሌን ማን ያምን ነበር?»

ሸሚዜን ልቆልፍ ብል እንባዬ ቀደመኝ። ፕሮፍ ቀረብ አሉና፣ በሽተኛ እንዳይነኩ በተከለከሉት እጆቻቸው ቁልፎቹን ከታች ወደ ላይ አንድ በአንድ ቆለፉልኝ።