ማርሲያ ሰባት ቤት ስትቆጥር

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ትናንት ፌርፋክስ መንገድ ላይ ካለው የሐበሻ ሱቅ ቅመም ልገዛ ገብቼ ገውዝ ሲፈጭ ቢሸተኝ፣ ያ ቀን መጣብኝ።

ያኔ የምንኖረው እዚሁ ከመንገዱ ጀርባ፣ አክስቴ አስካለ ቤት ነበር። አጎቴ ዳዊት፣ ያሳደገችው ታናሽ ወንድሟ፣ ሊያገባት ያሰባትን ማርሲያን ይዞ መጣ። ማርሲያ ከአንዲት ትንሽ የካሪቢያን ደሴት ናት፤ ከእናቷ ጓሮ የተለቀመ ገውዝ በሻሽ ቋጥራ አመጣችልን።

አክስቴ አሸተተችና «ተባረኪ፤ በይ እስቲ ሰባት ቤት ቁጠሪልኝ» አለቻት።

ዳዊት ሳቀ። «እታለም፣ አገሯ እኮ ባሕር ማዶ ነው! ከየት እንዛመዳለን?»

«አንተን ማን ጠየቀህ? ተርጉምላት!»

ተረጎመላት። ማርሲያ አባቷን፣ አያቷን፣ ቅድመ አያቷን በጣቷ ቆጠረችና እዚያ ላይ አቆመች።

«ከዚያ በላይ ማንም አያውቅም። ከአፍሪካ አምጥተው ለሸንኮራ እርሻ ሸጧቸው። የቤተሰባችን ስምም የገዛቸው ሰውዬ ስም ነው» አለች፣ አድራሻዋን እንደምትናገር ሁሉ ረጋ ብላ።

ዳዊት ይህንንም ተረጎመ። አክስቴ ገውዙን ጠረጴዛው ላይ መለሰችው። «አጥንቷ የማይታወቅ ሴትማ ቤቴ ምራት ሆና አትገባም» አለችው።

ነገሩ አልገባኝም፤ የዳዊት ፊት ሲጠቁር ግን አየሁ። ይቺን አልተረጎማትም። ማርሲያ አመስግና ተነሳች፤ ተያይዘው ወጡ። ተጋብተው ሎንግ ቢች ገቡ፤ አክስቴ ሠርጋቸው ላይ አልነበረችም።

ትናንት ባለሱቁ «እህቴ፣ ምን ያህል ላድርግልሽ?» ሲለኝ የተፈጨውን ገውዝ በጣቴ አሳየሁት። አላዘንኩም፣ አልተናደድኩም፤ አንድ ብርጭቆ ብቻ ትዝ አለኝ።

ያን ቀን በሩ እንደተዘጋ፣ አክስቴ ማርሲያ ውሃ የጠጣችበትን ብርጭቆ አንስታ በጋዜጣ ጠቀለለችውና ቆሻሻ ውስጥ ከተተችው።