በራስ የተቆጠረ ፈቃድ

ስለ ስርጉት እኔን ጠይቁኝ፤ ሌላው ዝም ብሎ ያወራል። መተማ ዮሐንስ፣ አንድ የሰሊጥ ባለሀብት ቢሮ ውስጥ፣ አንድ ኮምፒዩተር ለሁለት ነበር የምንሠራው። እኔ ጠዋት፣ እሷ ከሰዓት። ወንበሩን ስለቅላት «እትዬ ታይቱ፣ ዛሬም ምድጃ አድርገሽው ሄድሽ!» ትለኛለች። ቆላ አይደል፣ ሙቀቱ ለጉድ ነው።

በልጅነቷ ድንበር ተሻግራ ሱዳን፣ ገዳሪፍ፣ ሰው ቤት አገልግላለች። እዚያ ያገኛትን አጫውታኝ አታውቅም፤ ክንዷ ላይ ያለውን የቃጠሎ ጠባሳ ስጠይቃት እጅጌዋን ትጎትታለች። ተመልሳ የማታ ተምራ ጸሐፊ ሆነች። አንዲት ልጅ አለቻት፣ ሉሊት። «እኔ ያጠብሁት ሰሃን ለሁለታችንም ይበቃል። ሉሊት ትማራለች እንጂ ያን ድንበር አትረግጥም» ትል ነበር። የምትሠራውም ለዚሁ ነበር።

በ2003 ዓ.ም. ሰሊጣችንን የሚገዛው የውጭ ድርጅት «ሕጋዊ ፕሮግራም ካልተጠቀማችሁ አንገዛም» አለ። ፋይላችን የሚቀመጥበት፣ ፕሪንተሩንም የሚያዘው ሰርቨር የሚሉት ትልቁ ኮምፒዩተር ነው። ከሱ ጋር ለመገናኘት ለካ ፈቃድ ይገዛል! ሻጩ ከጎንደር መጥቶ አለቃችንን ጋሽ ደረበን «ፈቃዱ በሰው ይሁን በማሽን?» ብሎ ጠየቃቸው።

ጋሽ ደረበ ዕድሜ ልካቸውን የቀን ሠራተኛ በራስ፣ አንድ ሰው አንድ ብለው፣ ቆጥረው ወደ እርሻ የሚጭኑ ሰው ናቸው። «ማሽን ምን ያውቃል? የሚሠራው ሰው ነው! በሰው አድርገው» አሉ። ጠዋት ቢሮ ያለነውን ቆጥረው አምስት ገዙ። እኛ ግን በሁለት ፈረቃ አስር ነን።

ፈቃዱ በጠዋቶቹ በእኛ ስም ተመዘገበ፤ ስሙ የሌለበት ሰርቨሩን እንዳይነካ ተባለ። ይጨመር ብንላቸው አሻፈረኝ አሉ። አጨዳው አልቋል ብለው የከሰዓቶቹን አሰናበቷቸው። ስርጉት እግራቸው ላይ ወደቀች።

«ጋሽ ደረበ፣ በልጆችዎ ይዤዎታለሁ! ልጄ ከትምህርቷ ትቀርብኛለች!»

«ሕግ ነው ልጄ፣ እኔ ምን ላድርግ?» አሉ። ሕጉን አፈር ይብላው!

ከወራት በኋላ ፕሪንተሩ ተበላሸና አንድ ቴክኒሻን መጣ። ዙሪያውን አየና «ማሽኑ አምስት ብቻ ከሆነ ለምን በማሽን አላስመዘገባችሁም? አንዱ ማሽን ላይ ሁለትም ሦስትም ሰው ቢፈራረቅ አንድ ፈቃድ ይበቃው ነበር» አለ።

ጋሽ ደረበ ኮፍያቸውን አወለቁ። ሻጩ ዘንድ ደውለው ለምነው ፈቃዱን በማሽን አስደረጉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ሂጅ፣ ስርጉትን ጥሪያት» አሉኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!

እኔ ግን ደስ ብሎኝ በዚያ ፀሐይ ሮጥሁ። ስርጉት ደጃፏ ላይ ተቀምጣ የሉሊትን ዩኒፎርም ለጎረቤት ልጅ ታሳጥራለች።

«ስርጌ! ሥራሽ ተመለሰልሽ! ተነሽ!»

ቀና ብላ አየችኝ እንጂ አልተነሣችም።

«ሉሊት ከተሻገረች ሳምንቷ። አንዲት ሴትዮ ገዳሪፍ ቤት አግኝታላት ወሰደቻት። ‹እማዬ፣ አንቺ ጾምሽን እያደርሽ እኔ አልማርም› ብላኝ ሄደች። እሷንስ ማን ይጠራልኛል፣ እትዬ?»

አጠገቧ ተቀመጥሁና አብሬያት አለቀስሁ።

ሰኞ ከሰዓት ሥራ ገባች። ወንበሩን ለቀቅሁላት። ስለ ሙቀቱ ምንም አላለችኝም።