ጤናን በቁጥር ለመለካት ድሬ ዳዋ ወርጄ

ከአዲስ አበባ የተነሣሁት ማለዳ በባቡር ነው። የተላክሁት ድሬ ዳዋ የሚኖሩ የስኳር ሕሙማን ጤናቸው ምን ያህል በራሳቸው እጅ እንዳለ እንደሚሰማቸው ለመለካት ነበር። ዐረፍተ ነገሮቹን አነባለሁ፤ «ጤናዬን የምቆጣጠረው እኔ ነኝ»፣ «ጤናዬ በፈጣሪ እጅ ነው» የሚሉ ናቸው። ሰሚው ከአንድ እስከ አምስት ቁጥር ይመርጣል፤ አምስት «በጣም እስማማለሁ» ማለት ነው። ቀላል ሥራ መስሎኝ ነበር።

ከአዋሽ ወዲያ ሙቀቱ ዓይኔን ከደነው። እንቅልፍም ንቃትም ባልሆነ ነገር ውስጥ ግመሎችና ግራሮች ዝም ብለው አለፉ። አጠገቤ ያሉ ሁለት ሴቶች በሶማሊኛ ጀምረው በኦሮምኛ ይቀጥሉና በአማርኛ ይሳሳቃሉ። ስደርስ ሁሉንም የተረዳሁ መሰለኝ፤ አንድም ቃል ግን አላስታውስም።

የመጀመሪያው ቀን

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ሒክማ፣ ከዚራ በሚባለው ሰፈር ዛፎች ጥላ ሥር ጠበቀችኝ። ፉል በትኩስ ዳቦ በላንና በባጃጅ ደቻቱን ተሻገርን፤ ወንዙ ደረቅ አሸዋ ነው። እስከ ቀትር አሥራ አንድ ሰው ጠየቅን። ከዚያ ከተማዋ ተኛች። በሮች ተገጥመው፣ መጋረጃ ብቻ ቀስ እያለ ሲተነፍስ፣ በሰው ሕልም ውስጥ የምሄድ መሰለኝ።

ሁለተኛው ቀን

ከሰዓት በኋላ አዴ ሳፊያ ቤት ገባን። «አዴ» እዚህ እናት ማለት ነው። ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ መጋላ ገበያ ጨርቅ ሲሸጡ የኖሩ፣ ሣቂታ ሴት ናቸው። እግራቸውን በሽርጣቸው ሸፍነው ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል።

«አቦ ነይ፣ አረፍ በይ! አንቺ ልጅ ሙቀቱ ገደለሽ» አሉኝ።

የመጀመሪያዎቹን አምስት ዐረፍተ ነገሮች እየቀለዱ መለሱ። ስድስተኛውን አነበብኩ፤ «ሕመሜ ቢብስብኝ ጥፋቱ የራሴ ነው።»

ሣቃቸው ቆመ። «አምስት» አሉ። እንባቸው ወረደ።

ሒክማ ጠጋ ብላ፣ «አዴ፣ ምን ሆንሽ?» አለቻቸው።

«በልጄ ሠርግ ላይ ጣፋጩን ሐልዋ በላሁ። በሳምንቱ እግሬ ቆሰለ። ሐኪሙ ‹አልነገርኩሽም?› ይለኛል ብዬ ዝም አልኩ።»

ሽርጡን ሲገልጡት ትንሿ ጣት ጠቁራለች። ሚስማር ወግቷቸው አልተሰማቸውም፤ ስኳሩ እግራቸውን አደንዝዞታል። በእጄ የያዝኩት እስክሪብቶ ከበደኝ። ለሐፍረታቸው ቁጥር ልሰጠው ነበር።

ቅጹን አጠፍኩና፣ «አዴ፣ የሚቆጣሽ ሰው ካለ እኔ አለሁ፤ ተነሺ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ» አልኩ። ሳላውቀው ለትልቅም ለትንሽም የሚባለውን የከተማዋን «አንቺ» ተናግሬ ነበር።

«እውነት አብረሽኝ ትገቢያለሽ?»

«እገባለሁ።»

ሒክማ ባጃጅ ጠራች። ሐኪሙ ወጣት ነው። ቁስሉን አይቶ አልተቆጣም፤ «እንኳን መጣሽ» ብቻ አላቸው። አዴ ሳፊያ እጄን ጨብጠው ቆዩ። ያኔ የሰማሁት የጣራው ማራገቢያ ድምፅ እስካሁን በጆሮዬ አለ።

የመመለሻዬ ቀን

ትንሿ ጣት ተቆርጣለች፤ እግሩ ግን ተርፏል። ልሰናበታቸው ሐኪም ቤት ስገባ አልጋቸው ላይ ቀና ብለው፣ «ምን ጻፍሽብኝ?» አሉኝ።

«ባዶ ነው።»

«እንግዲያው ጻፊ። ጤናዬ ግማሹ በአላህ፣ ግማሹ በእኔ፣ ግማሹ አብሮኝ በመጣ ሰው እጅ ነው።»

«አዴ፣ ሦስት ግማሽ እኮ የለም።»

«ድሬ አለ» ብለው ሣቁ።

ባቡሩ ሽቅብ ሲመለስ ሜዳው በጭጋግ ተሸፈነ፤ ብርዱ ከአዳማ ወዲህ ተቀበለኝ። ቢሮ ስደርስ አለቃዬ የአዴ ሳፊያን ቅጽ አንሥቶ ከስድስተኛው ጀምሮ ለምን ባዶ እንደሆነ ጠየቀኝ። ነገርኩት። «ይህ ቅጽ አይቆጠርም» አለ፤ ግን አልጣለውም፤ መሳቢያው ውስጥ አስቀመጠው።

አሁንም በየከተማው የስኳር ሕሙማንን ያንኑ እጠይቃለሁ፤ መለካቱ ይጠቅማል ብዬም አምናለሁ። የተለወጠው ቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ ጫማቸውን እንዲያወልቁ እለምናቸዋለሁ፤ እግራቸውን አያለሁ፤ ከዚያ በኋላ ነው የማነብላቸው።