በእንዶድ ያጠብኩት መጠቅለያ

ይህን ለሰው ተናግሬው አላውቅም። ለነፍስ አባቴም ቢሆን አልተናገርኩትም። በየዓመቱ ንስሐ ስገባ ሐሜቱን፣ ቁጣውን፣ በረባ ባልረባው የማልኩትን ሁሉ እዘረግፍላቸዋለሁ። እሳቸውም ሰምተው ሲያበቁ «ሌላስ ልጄ?» ይሉኛል። «ሌላስ የለም አባ» እላለሁ። አለ እንጂ! ትልቁን በጉያዬ ይዤ ገብቼ በጉያዬ ይዤው እወጣለሁ። አሁን አርጅቻለሁ፤ መሸከሙም ከብዶኛል። እናንተ ይህን የምታነቡ፣ የማታውቁኝ፣ ለዛሬ የነፍስ አባቶቼ ሁኑልኝ። ቀኖና አትስጡኝ፤ ብቻ እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

የባሌን እግር ለብርድ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ሁለት ጣቶቹን ያሳጣሁት እኔ ነኝ። እናቱን ደግሞ... እሱ ላይ ቀስ ብዬ ልድረስ። እሱ ከጣቱም ይከፋል።

የተወለድኩት ሞጣ ነው። አባቴ የቤተ ክርስቲያን መምህር ነበረ፤ ከተማሪዎቹ መካከል አስቀምጦ ፊደል አስቆጠረኝ። «ሴት ልጅ ጽሕፈት ምን ይሠራላታል?» ሲሉት «ኃጢአቷን ትጽፍበታለች» እያለ ይስቅ ነበር። ነፍሱን ይማረው፣ ቀልዱ አንድ ቀን እንደሚደርስ አላወቀም።

በጃንሆይ ዘመን ለቢቸና ሰው ተዳርኩ። ባሌ አበጀ ይባላል። በዚያ ጊዜ ሚስት ባሏን በስሙ አትጠራም፤ እኔም አንቱ ነበር የምለው፣ ዛሬም ፊት ለፊት አንቱ ነው የምለው። እዚህ ወረቀት ላይ ግን እንዲቀርበኝ አበጀ ልበለው፣ ሲብስብኝም አንተ ልበለው። እናቱ እማማ ይመኙሻል፣ በሠርጌ ሳምንት፣ እንደ አገሩ ልማድ የሙሽራ ስም አወጡልኝ። «አለኝታ» አሉኝ። «እግዜር ሴት ልጅ ነፍጎኝ ነበር፤ ይኸው አሁን አለችኝ» ብለው ግንባሬን ሳሙኝ። ክፉ አማት ቢሆኑ ኖሮ ዛሬ ስንት ምክንያት ባገኘሁ! ክፉ አልነበሩም። ከገበያ ሲመለሱ ከልጃቸው ደብቀው ለእኔ ሸንኮራ የሚያመጡ ሰው ነበሩ።

አበጀ አደን ይወድ ነበር። አዝመራው ተሰብስቦ ሲገባ፣ ልክ ብርዱ በሚጠነክርበት ጊዜ፣ ጠመንጃውን አንግቶ ከጓደኞቹ ጋር ወደ ጮቄ ተራራ ይወጣል። እዚያ ላይ አስታ ቁጥቋጦው ውስጥ ድኩላ አለ። ድኩላ የሚገኘው ጎህ ሲቀድ፣ ሣሩ ውርጭ እንደለበሰ ነው፤ አድፍጦ መጠበቅ ነው። ሌላው ሰው ሲበርደው እሳት ያነዳል፣ ወዲያ ወዲህ ይላል። አዳኝ ግን እሳት ቢያነድ ጢሱ፣ እግሩን ቢያነሳ ኮሽታው አውሬውን ያስነሳበታል። «ጮቄ ላይ ሰውን የሚያባርረው ነብር አይደለም፣ የገዛ እግሩ ነው» ይል ነበር አበጀ።

እግሩን የሚያዘጋጁለት እናቱ ነበሩ። ለአባቱም ያዘጋጁ የነበሩት እሳቸው ናቸው። ሰፋ ያለ ጫማ፣ ከጫማው ውስጥ የደረቀ የጓሳ ሣር፣ ከጓሳው በላይ በእግር ላይ የሚጠመጠም የጠጉር መጠቅለያ። መጠቅለያውን ከጥቁር በግ ጠጉር ራሳቸው ፈትለው ነው ሸማኔ የሚያሠሩት። ጠጉሩ አይታጠብም፤ ከነወዙ ነው የሚፈተለው። ይሸታል፣ ምን ይዋሻል፣ ቤቱን ሁሉ የበግ ጉረኖ ያስመስለዋል። ገና ሙሽራ ሳለሁ አፍንጫዬን ስይዝ አዩኝና ሳቁ። «ይሽተት ተይው። እንዶድ እንዳታስነኪብኝ፣ አደራ። ጠጉር ወዙን ካጣ ውሃ ይጠጣል። ውሃ ከጠጣ ደግሞ በረዶ በእግር ላይ እንደማሰር ነው» አሉኝ። ነግረውኛል። አላወቅሁም ማለት አልችልም። ነግረውኛል።

ከአደን ሲመለስ እኔ ውሃ አሙቄ፣ ገበቴ ይዤ እቆማለሁ። የባልን እግር ማጠብ የሚስት ነው። እሱ ግን በፊት ወደ እናቱ ይሄድና እግሩን ጭናቸው ላይ ያሳርፋል። እሳቸው መጠቅለያውን ቀስ እያሉ ይፈቱለታል። «እማዬ፣ ፈትልሽ አሞቀኝ» ይላቸዋል። «ተመስገን፣ እጄ ገና አላረጀም» ይላሉ። ከዚያ የአደኑ ወሬ ይጀመራል፤ ድኩላው በየት መጣ፣ ማን ሳተ፣ ማን ፈራ። ይስቃሉ። እኔ ቆሜያለሁ። ተራዬ ሲደርስ የእሱ እግር ሞቆ፣ የእኔ ውሃ ቀዝቅዞ ይገናኛሉ።

ቀናሁ። በሌላ ሴት ብቀና ምን ነበረበት፤ እኔ በእናቱ ቀናሁ። በበግ ጠጉር ቀናሁ! ሳቁብኝ፣ እኔም አንዳንዴ በራሴ እስቃለሁ። ደግሞ ናፍቆቱ ነበረ። ሲሄድ ቤቱ ይሰፋብኛል፤ ሞጣ ትዝ ትለኛለች፤ የሄደበትን መንገድ ሳይ እውላለሁ። «ትንሽ ቢበርደው ምን አለ? በማግስቱ ይመለስ ነበር። ያን ጊዜ እግሩን ለእኔ ይሰጠኛል፣ እኔ አሞቀዋለሁ» ብዬ አሰብኩ። ሚስት ባሏን ለማሞቅ መጀመሪያ ታቀዘቅዘዋለች? እኔ አሰብኩት።

አንድ ቀን እማማ ለቅሶ ሄዱ። እኔ እንዶድ ወቀጥኩ። መጠቅለያውን ይዤ ወንዝ ወረድኩና አጠብኩት። አረፋው እንዴት እንደነጣ ዛሬም ይታየኛል። ውሃው እስኪጠራ ድረስ አሸሁት፣ ድንጋይ ላይ አሰጣሁት፣ ፀሐይ አደረቀው። ለስልሶ ነበር፣ አምሮ ነበር። የሚያየኝ ሰው «ጎሽ፣ ባለሙያ ሙሽራ» ይለኝ ነበር። ልብሱን ማጽዳቴ ነው ብዬ ራሴን ልደልል እንኳ አልቻልኩም፤ ምክንያቱም ያደረግሁት በዚያ አላበቃም። ሽታው መጥፋቱ እንዳይታወቅብኝ ትንሽ የበግ ሞራ አቅልጬ ከላይ ከላይ ነካ ነካ አደረግሁበት። እንደነበረ አጥፌ በቦታው አኖርኩት። ይህን ያደረገች እጅ ይችው ይህን የምትጽፈው ናት።

አበጀ ሲነሳ በር ላይ ሸኘሁት። «በደህና ይመልስዎ» አልኩት። አፌ እንዴት እሺ አለኝ?

በዚያ ጉዞ ጮቄ በረዶ ጣለ። እኔ በማግስቱ ይመለሳል ብዬ ነበር፤ አልተመለሰም። የአዳኝን ልብ አላወቅሁም ኖሯል። ድኩላ አቁስለው ደሙን ሲከተሉ ውለው፣ አድረው፣ ማለዳ ላይ አበጀ ከድኩላው መውጫ አጠገብ አድፍጦ ቀረ። እግሩ ሲረጥብ ተሰምቶታል፣ ግን የእናቱን ፈትል ስላመነው አልተነሳም። ይህችን ነው የማልችላት። የእናቱን እጅ ስላመነ አልተነሳም።

በበቅሎ አምጥተው ደጃፍ ላይ አወረዱት። ጓደኛው ሽታሁን እያለቀሰ፣ «እግሬ የለም አለን። የሚቀልድ መስሎን ሳቅን። የእረኞች ጎጆ አስገብተን እሳቱ ውስጥ ማለት ይቻላል እግሩን ከተትነው፤ ማዳናችን ነበር» አለን። እሳቱም የራሱን ጨመረበት። ጣቶቹ ጠቁረው ነበር።

እማማ ጮኸው አላለቀሱም። ተንበርክከው መጠቅለያውን ፈቱት። ጨመቁት፤ ውሃ ወረደ። በጣቶቻቸው መካከል አሳለፉት፣ ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው አሸተቱት። እኔ ገበቴውን እንደያዝኩ ቆሜ ነበር። አሁን ይናገራሉ፣ አሁን ወደ እኔ ይዞራሉ ብዬ ጠበቅሁ። አልዞሩም። የገዛ እጃቸውን ገልብጠው አዩት።

«እጄ አርጅቷል» አሉ። «ፈትሉ ላልቶ ነው። እኔ ነኝ ልጄ።»

እኔ ነኝ አሉ። እኔ ነኝ ማለት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ ቃሌን ከአፌ ወሰዱልኝ፣ እኔም ተውኩላቸው።

የቢቸናው ጤና ጣቢያ ድሬሰር፣ ከሩቅ አገር የተመደበ ዝምተኛ ሰው፣ ሁለቱን ጣቶች ቆረጣቸው። አበጀ ዳነ፤ ማነከሱ ግን አልለቀቀውም። ከዚያ ወዲያ አደን አልወጣም። ቤት ዋለ። ለምኜው የነበረው ነገር ሁሉ እጄ ገባ። እናቱ እንዝርታቸውን ጣራው ሥር ሰክተው ተዉት፤ ጠጉር ለማንም አልፈተሉም። እሱም እግሩን ጭናቸው ላይ ማሳረፉን ተወ። ተቆጥቶ ሳይሆን እንደ ልማድ ተወው፤ ያ ይብስ ነበር። ቀጥ ብሎ ወደ እኔ መጥቶ ይቀመጣል፣ እግሩን ይሰጠኛል። ውሃዬ አይቀዘቅዝም። እማማ ምድጃው ማዶ ሆነው ያዩናል።

ሰው ሲሰበሰብ፣ ጠላ ሲጠጣ፣ «እኔን ድኩላ አልገደለኝ፣ የናቴ ፈትል ገደለኝ እንጂ!» ብሎ ያስቃቸዋል። ተረብ ነው፣ ክፋት የለውም። ጎረቤቱ ይስቃል። እማማም ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠግተው አብረው ይስቃሉ። እኔስ? እኔ ጠላ እቀዳለሁ።

አንድ ጊዜ ልናገር ነበር። ሁለታችን ብቻ ሽምብራ ስንለቅም፣ «እማማ፣ ያ መጠቅለያ...» አልኩ። እጃቸውን እጄ ላይ ጫኑ። «ተይው ልጄ፣ ያለፈ አለፈ። እግሩን ግን ሳትሰለቺ እጠቢለት» አሉኝ። ያውቁ ነበር? ፈታይ የገዛ ክሯን ዳብሳ አታውቅም? ሽታውስ? ዛሬ ዛሬ ያውቁ ነበር እላለሁ፤ በዚያ ቀን ግን ላለማወቅ መረጥኩ። የማሩኝን እንደ ፈቃድ ቆጥሬ ሽምብራዬን መልቀም ቀጠልኩ።

ጃንሆይ ከመውረዳቸው ትንሽ ቀደም ብሎ እማማ ታመው ተኙ። ቄሱ መጡ፣ ዘመድ ተሰበሰበ። እንደምታውቁት በዚያ ሰዓት ሁሉም ይቅር ይባባላል። አበጀ እያነከሰ ቀርቦ አጠገባቸው ተቀመጠ። ለዓመታት ሲቀልድበት የነበረውን ያን ቀን ሳይቀልድ ተናገረው። «እማዬ፣ ስለ እግሬ ነገር፣ ይቅር ብየሻለሁ። በልቤ የቀረ የለም» አላቸው።

እኔ ራስጌያቸው ቆሜ ውሃ በኩባያ ይዤ ነበር። እማማ ቀና ብለው አዩኝ። ረጅም እይታ አልነበረም። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ። ቀለለኝ» አሉ። ቀጥለውም፣ «አለኝታን አደራ» አሉት።

ያልሠሩትን ይቅርታ ተቀብለው ሄዱ። እኔ እያየሁ። አንዲት ቃል ይበቃ ነበር፤ እዚያው ተንበርክኬ «እኔ ነኝ» ብል ይበቃ ነበር። ሰው አፈርኩ? ባሌን እንዳላጣ ፈራሁ? ሁለቱም። ኩባያውን አቀረብኩላቸው፣ ጠጡ፣ «ተባረኪ» አሉኝ።

ይኸው ዕድሜ ልኬን እግሩን አጥባለሁ። ጣቶቹ በነበሩበት በኩል ቆዳው ስስ ነው፣ ቶሎ ይበርደዋል፤ ስለዚህ እዚያ ላይ እጄን አቆያለሁ። ጎረቤቶች «እንደ አለኝታ ባሏን የምታከብር የት አለች» ይላሉ። ልጆቻቸውን በእኔ ምሳሌ ይመክራሉ። እወደዋለሁ፤ ይህ ውሸት አይደለም። ግን ፍቅሬ የት ላይ አልቆ ዕዳዬ የት ላይ እንደሚጀምር እኔም አላውቀውም።

ልጅ ነበርኩ ልበል? ልጅ ነበርኩ፤ ግን ሞራውን የቀባሁት ልጅ ሆኜ አይደለም። ጣቱ ይቆረጣል ብዬ አላሰብኩም ልበል? አላሰብኩም፤ ግን እናቱ ሲሞቱ ሁሉን አውቅ ነበር፣ ዝምም ያልኩት አውቄ ነው። የመጀመሪያውን ቅናት ሠራው ብል ሁለተኛውን ማን ሠራው ልል ነው?

አበጀ፣ ይቅር በለኝ አልልህም። ለዚህ በደል ይቅር ብለህ ጨርሰሃል፤ የሰጠኸው ግን ለማይገባት ሰው ነው። ለእናትህ ያልካትን መልሰህ ውሰድ። እሷ የበደለችህ የለም። ፈትሏ አልላላም፣ እጇም አላረጀም ነበር። መቃብሯ ላይ ሄደህ አንተ ይቅርታ ጠይቃት፤ እኔም ከኋላህ እመጣለሁ፣ ከፈቀድክልኝ።

አሁን ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጧል። ዓይኑ ስለደከመ ማንበብ አይችልም፤ ጆሮው ግን ደህና ነው። ድምፁ ይሰማኛል፦ «አለኝታ! ውሃው አልሞቀም እንዴ?» ሞቋል። ገበቴውን ይዤ ልወጣ ነው፣ ይህንም ወረቀት ይዤ። ዛሬ ከማጠቤ በፊት ቁጭ ብዬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነብለታለሁ። ውሃው ይቀዝቅዝ።