ሰባት ቤት ሲቆጠር

ወሎ ሰፈር የመኪና ወንበር ልብስ የሚሰፉት ጋሽ ካሳዬ አንድ አመል አለባቸው፤ ወንጌላውያን የሚለያዩበትን ቦታ ሲያገኙ ዓውደ ዓመት የመጣላቸው ያህል ይደሰታሉ። በኢያሪኮ ማርቆስ አንድ ዕውር በራለት ሲል ማቴዎስ ሁለት ይላል። በመቃብሩ ማቴዎስ አንድ መልአክ ሲያይ ሉቃስ ሁለት ሰዎች ያያል። ደንበኛው ወንበሩ እስኪያልቅ ይህን ሁሉ ይሰማል፤ ማምለጫ የለውም። «ቃል በቃል ቢስማሙማ ተማክረው ነው እል ነበር» ይላሉ፣ ክሩን በጥርሳቸው እየበጠሱ።

ፍስሃ ያደገው በዚህ ወሬ ነው። የወለደው አባቱ ፍትዊ የሞተው እሱ ገና ሳይድህ ነበር። ጋሽ ካሳዬ እናቱን አገቡ፤ ለልጁም ስማቸውን ሰጡት፣ አስተማሩት። እናቱ ካረፈች በኋላም አባትና ልጅ አብረው ኖሩ። አሁን ፍስሃ አውሮፕላን ማረፊያ ካርጎ ክፍል ይሠራል፤ ሊያገባት ያሰባትን ረሆቦትን ያወቃትም እዚያው ነው።

ሽማግሌ ተልኮ እሺታ ከተገኘ በኋላ፣ ሁለቱ ቤተሰቦች ሊተዋወቁ ቦሌ ሚካኤል፣ የረሆቦት አባት አቶ አክሊሉ ቤት ተሰበሰቡ። አቶ አክሊሉም እንደ ጋሽ ካሳዬ የላስታ ሰው ናቸው። «ዘመዳሞች እንዳናጋባ፣ እስቲ ሰባት ቤት ይቆጠር» አሉ። ፍስሃም ሳያስበው ከልጅነቱ የሚያውቀውን የካሳዬን ሐረግ ቆጠረ። አምስተኛው ስም ላይ የአቶ አክሊሉ ፊት ጠቆረ። ያ ሰው የእሳቸውም ቅድመ አያት ነበር።

«እንግዲህ ሥጋ ናችሁ» አሉ። «ጋብቻው አይሆንም።»

ረሆቦት አንገቷን ደፋች። ፍስሃ አንድ ቃል ቢናገር ነገሩ ያልቅ ነበር፤ አልተናገረም። በሰው ፊት «አባቴ አይደሉም» ከሚል እሷን ማጣት መረጠ። ጋሽ ካሳዬ ይህ ገባቸው። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ይህኛው ዝምታ ግን የልጁን ትዳር ሊያስቀር ነው። ቢናገሩ ደግሞ አንድ ልጃቸውን በአደባባይ የሚያጡ መሰላቸው።

ተነሡ።

«ማቴዎስ ያዕቆብ ዮሴፍን ወለደ ይላል» አሉ። «ሉቃስ ግን ዮሴፍን የኤሊ ልጅ ይለዋል። መምህራኑ ሲፈቱት፣ ያዕቆብ የሥጋ አባቱ ነው፣ ኤሊ የሕግ።» ከዚያ ወደ ልጃቸው አመለከቱ። «ፍስሃን የወለደው ፍትዊ የሚባል የአክሱም ሰው ነው። እኔ አልወለድኩትም። ከልጅቷ ጋር ሥጋ የላቸውም።»

አቶ አክሊሉ ወደ ፍስሃ ዞሩ። «ይህን እያወቅህ ነው ዝም ያልከው?»

«አባቴ እዚህ ተቀምጠው፣ እንዴት ብዬ?»

ከዚያ አክሱም ላለው ለፍትዊ ወንድም ተደወለና ሐረጉ እስከ ሰባት ቤት ተቆጠረ። የሚገናኝ ስም አልተገኘም። ረሆቦት ቀና አለች።

«መልካም» አሉ አቶ አክሊሉ። «ዘሩን በማቴዎስ ቆጥረናል። የሰርጉ ጥሪ ግን በሉቃስ ይጻፍ፤ ልጃችን ፍስሃ ካሳዬ ተብሎ።»

ጋሽ ካሳዬ «ተመስገን» ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ቃሉ እምቢ ሲላቸው፣ ልጃቸው አለላቸው።